ዳገቱ ላይ ዜሮ የሚያሳየው ብስክሌት

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ባሕር ዳር

ጥቅምት ነው። ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከባሕር ዳር መናኸሪያ የደብረ ታቦር ሚኒባስ ያዝኩ። ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ደረሰኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ቅያሪ ልብስ፣ ወፍራም ሹራብ፣ ካቻቢቴ፣ ጠመኔ፣ የልብስ ሰፊ ሜትርና ሳንቲም የሚያካክሉ ክብ ባትሪዎች አሉ። የምሄደው የአባቴ ብስክሌት የሚያሳየው ቁጥር እውነት ይሁን አይሁን ለማጣራት ነው። ይህን የምጽፈውም በእሳቸው ፈቃድ ነው።

አባቴ ደብረ ታቦር ውስጥ የስፖርት መምህር ነበሩ። ጡረታ ከወጡም በኋላ በየማለዳው በገሳይ መንገድ እስከ ትንሹ ድልድይ በብስክሌት ደርሰው ይመለሳሉ። ባለፈው ክረምት ግን ግቢ ውስጥ አዙሯቸው ወደቁ። ሆስፒታል ሰነበቱ፤ ልባቸው ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ተነገራቸው። ሲወጡ፣ «ሐኪሙ ብስክሌት ለልብ ጥሩ ነው ብሎኛል» አሉን።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ሁለታችንም የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። ከሩቅ ሆነን ደኅንነታቸውን እንድናውቅ ብስክሌቱ ላይ ሁለት ትንንሽ ሴንሰሮች ገጠምንላቸው። አንዱ ከኋላው ጎማ አጠገብ ሆኖ ፍጥነት ይለካል፤ ሌላው ፔዳሉ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይቆጥራል። ስልካቸው ሁለቱን ሰብስቦ፣ ኔትወርክ ሲኖር ለእኔ ይልካል፤ እኔም ስልኬ ላይ በመስመር ተሥሎ አየዋለሁ። ኮምፒውተር የምጠግንበት ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የማየው ያንን መስመር ነው። ከፍ ዝቅ ሲል አባቴ ሲተነፍሱ የምሰማ ይመስለኝ ነበር።

ከመስከረም ወዲህ መስመሩ ተበላሸ። ፍጥነቱ ለእሳቸው ዕድሜ በዛ። የፔዳሉ ቁጥር ይቆራረጣል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ወደ ከተማው ሲመለሱ ባለው ዳገት ላይ የሚታየው ነው፦ ፔዳሉ ዜሮ ይላል፤ ጎማው ግን ቀስ እያለ ይዞራል። ቁልቁለት ላይ ቢሆን አያስገርምም፤ ሰው እግሩን አሳርፎ ይወርዳል። ዳገት ላይ ግን ሳይረግጡት የሚወጣ ብስክሌት የለም።

«እየደከሙ ነው» አለ ደሳለኝ ሳሳየው። «አንድ ቀን እዚያ ዳገት ላይ ይቀራሉ። ብስክሌቱን እንሽጥና እሳቸውን እዚህ እናምጣ።»

«ሴንሰሩ ተበላሽቶ ቢሆንስ?»

«እሺ፣ ሂጂና እዪው። መሣሪያው ከዋሸ ብስክሌቱ ይቆያል። እውነቱን ከሆነ ግን ገዢ ይዤ እመጣለሁ።»

አባቴ ጋ ደውዬ «ዳገቱ ላይ ምን ሆነው ነው?» ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ከአፌ አይወጣም። ሽቦና ባትሪ መመርመር ይቀለኛል።

ሐሙሲት፣ ወረታ፣ ዓለም በር

ረዳቱ ከታሪፉ ጨምሮ አራት መቶ ብር ሲቀበለን ማንም አልተከራከረም። ሐሙሲት ላይ ሰው ለማውረድ ቆምን። ልጃገረዶች የተጠበሰ በቆሎ በመስኮት ዘረጉልን፤ አንድ ገዛሁ። ገንዘብ ለማውጣት ቦርሳዬን ስከፍት ሜትሩ ተንጠልጥሎ ወጣ። አጠገቤ የተቀመጡት ወፍራም ሴትዮ አዩት።

«ልብስ ሰፊ ነሽ የኔ ልጅ?»

ስለ ጎማና ስለ ሴንሰር ማስረዳቱ ረጅም ሆነብኝ። «አዎ» አልኩ።

ትልቅ ስህተት ነበር። ሴትዮዋ በጥር ልጃቸውን ይድራሉ። ወረታ እስክንደርስ የሙሽራዋን ሚዜዎች ቁመት፣ የአንደኛዋን ትከሻ መስፋት፣ የእሳቸውን ቀሚስ ጥልፍ ሁሉ ነገሩኝ። እኔም በቆሎዬን እየጋጥኩ «እሺ እማማ» እላለሁ። ወረታ ላይ ሲወርዱ ስልክ ቁጥሬን ተቀበሉኝ። እስከ ዛሬ ስለ ቀሚሱ ይደውሉልኛል።

ከወረታ ወደ ምሥራቅ ስንታጠፍ በሁለቱም በኩል የደረሰ ሩዝ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ሙቀቱ ገና ከእኛ ጋር ነበር። ዓለም በርን አልፈን መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር ሰው ሁሉ መስኮቱን ዘጋ፤ ጆሮዬ ተደፈነ። ባሕር ዛፎቹ እየረዘሙ፣ የገብሱ ማሳ እየበዛ ሄደ። ሹራቤን ለበስኩ። የጉና ተራራ ከሩቅ ራሱን በደመና ሸፍኖ ታየኝ።

ደብረ ታቦር፤ ከሰዓት በኋላ

አባቴ ጋቢ ደርበው በር ላይ ጠበቁኝ። «ውድዬ፣ ከስተሻል» አሉ፤ ሁልጊዜ የሚሉት ነው። እሳቸው ግን ከእኔ ይልቅ ከስተዋል። ቀኑ ጾም ስለሆነ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረቡልኝ። የደብረ ታቦር ድንች ሲላጥ እንደ ዱቄት ይፈርሳል፤ ባሕር ዳር ውስጥ እንዲህ ያለ አላገኘሁም።

ብስክሌቱ ሳሎን ውስጥ ከሶፋው አጠገብ ቆሟል። ጎንበስ ብዬ ሳየው ሳቄ መጣ። ሁለቱም ሴንሰሮች ካልሲ ለብሰዋል። ከአሮጌ የሱፍ ካልሲ ተቆርጦ፣ በመርፌ ተሰፍቶ፣ በክር የታሰረ።

«አባዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ብርድ ነዋ! የጥቅምትን ውርጭ ረሳሽው እንዴ ባሕር ዳር ገብተሽ? ባትሪ ብርድ አይወድም ስትሉ ሰማሁ።»

እውነት ነው፤ ብርድ ባትሪ ያደክማል። ነገር ግን የፔዳሉ ሴንሰር የሚቆጥረው ፔዳሉን በያዘው ብረት ላይ የተለጠፈችው ማግኔት በፊቱ ስታልፍ ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከጥፍር ውፍረት ብዙም መብለጥ የለበትም። ካልሲው ሴንሰሩን ገፍቶ ከማግኔቷ አርቆታል፤ ማሰሪያውም ላልቷል። ስለዚህ አንዱን ዙር ሲያይ ሌላውን ይስታል። ቁጥሩ ይቆራረጥ የነበረው በዚህ ነው። ካልሲዎቹን ሳወልቅ አባቴ የተኛ ሕፃን ሲገለጥ እንደሚያይ ሰው አዩኝ። ባትሪዎቹን ቀየርኩ፤ ሴንሰሩን ወደ ቦታው መልሼ አጠበቅኩት። ልቤ ትንሽ ቀለለ።

ቀጥዬ ጎማውን ዳሰስኩት። «ይኼ ጎማ ተቀይሯል?»

«መስከረም ላይ ፈነዳ። ገበያ ያገኘሁትን ቀጭኑን አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ እኮ ነው የፈጠንኩት! ቁጥሩን አላየሽም?»

አይቻለሁ። እንዴት እንደምነግራቸው ጨነቀኝ። መሣሪያው ፍጥነት አያውቅም፤ የሚያውቀው ጎማው መዞሩን ብቻ ነው። አንድ ዙር ስንት እንደሚራመድ የምንነግረው እኛ ነን። ስልኩ ላይ ያለው የወፍራሙ ጎማ ልክ ነው። ቀጭኑ ጎማ በአንድ ዙር የሚሄደው ከዚያ ያነሰ ስለሆነ መሣሪያው በየዙሩ ያልሄዱትን ይጨምርላቸዋል።

ግቢ አወጣነው። ሰው ሲቀመጥበት ጎማው ትንሽ ስለሚጨፈለቅ ልኩ የሚወሰደው ባለቤቱ ተቀምጦ ነው። አባቴ ተቀመጡ፤ እኔ መሪውን ያዝኩ። ጎማው ላይ በጠመኔ አንድ ምልክት አደረግኩና በቀስታ ገፋኋቸው። ሕፃን ሳለሁ በዚሁ ግቢ እሳቸው ኮርቻዬን ይዘው እየሮጡ ነበር ብስክሌት ያስተማሩኝ። አሁን ትከሻቸው እጄን ተደግፏል፤ እንደ ድሮው አይከብድም። ጠመኔው ሲሚንቶው ላይ ሁለት ቦታ አተመ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን በሜትር ለካሁት፤ ስልኩ ላይ ያለውን ቁጥር አስተካከልኩ።

«ስለዚህ መስከረምን ሙሉ የፈጠነው ጎማው ነው?»

«ጎማውም አልፈጠነም አባዬ። የተሳሳተው ቁጥሩ ነው።»

«እንግዲህ ልታዋርጂኝ ነው የመጣሽው!» ብለው ሳቁ። ፊታቸው ግን ትንሽ ደበዘዘ፤ አየሁት።

የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥተው ያዙልኝና ፔዳሉን በእጄ አዞርኩ። እሳቸው ተማሪ እንደሚያሠሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቆጠሩ። ስልኩም እኩል ቆጠረ።

ሐሙስ

በማግስቱ ማለዳ አባቴ ብቻቸውን ወጡ። እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ሲመለሱ ጉንጫቸው ቀልቷል፤ ደስ ብሏቸዋል። ስልኬን ከፈትኩ። ፍጥነቱ ልከኛ ነው። የፔዳሉ መስመር እንደ ጥሩ ፈትል ሳይበጠስ ይሄዳል። ዳገቱ ላይ ሲደርስ ዜሮ። ጎማው ደግሞ በእግረኛ ፍጥነት ይዞራል።

ከእንግዲህ የማሳብበው መሣሪያ የለኝም።

«አባዬ» አልኩ፣ ስልኩን እያየሁ። «ዳገቱ ላይ ፔዳሉ አይዞርም።»

«ሰው አገኛለኋ። የሚያውቀኝ ሰው በእግሩ እየሄደ በብስክሌት ሽው ብዬ ልለፈው? እወርድና አብሬው አዘግማለሁ።»

እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር በቅሎ ላይ ያለ ሰው እንኳ ትልቅ ሰው ሲያገኝ ይወርዳል። ግን በየቀኑ? ያውም ሁልጊዜ በዚያው ቦታ? ይህንን ለመጠየቅ አፌን ከፍቼ፣ የወጣው ሌላ ሆነ።

«ነገ አብሬዎት ልምጣ? የጎረቤታችንን ብስክሌት እዋሳለሁ።»

አባቴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ አጣፍተው እንደገና አጣፉ። «ነይ» አሉ በመጨረሻ።

ዓርብ፤ የገሳይ መንገድ

ብርዱ ጣት ይቆርጣል። አስፋልቱ ከከተማው ወደ ታች ይወርድና ከዚያ በኋላ ለጥ ብሎ ይሄዳል። ግራና ቀኙ ሊታጨድ የደረሰ ገብስ ነው፤ ጫፉ ላይ ውርጭ ያብረቀርቃል። አባቴ ከፊቴ ይነዳሉ። ጀርባቸው ቀጥ ያለ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ስናልፍ ወርደው ተሳለሙ፤ እኔም ወረድኩ። አንድ ጥምጥማቸው የነጣ ቄስ ከፊታችን ሲመጡ አባቴ ወረዱ፤ መስቀል ተሳለምን። ጥቂት እንደሄድን ደግሞ በሬ የሚነዱ ሽማግሌ አገኘን። «መምህር! ልጅዎት ነች?» «ታናሿ ነች።» «አትናገርም እንዴ?» «ውስጥ ውስጡን ነው የምትናገረው» አሉ አባቴ፤ ሽማግሌው ሳቁ። በየቦታው ሁለት ሦስት ቃል ተለዋውጠው ወዲያው ብስክሌታቸው ላይ ይወጣሉ። ሜዳው ላይ አልደከሙም። እንዲያውም እኔ ነበርኩ የማለከልከው።

ድልድዩ ጋ ውኃ ጠጣንና ተመለስን። ዳገቱ ሥር ስንደርስ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ቄስም፣ ሽማግሌም፣ በሬም የለም።

አባቴ ቆሙ። ከብስክሌቱ ወረዱና ካቴናው ላይ ጎንበስ አሉ።

«ወለቀ?» አልኩ።

«እ... ትንሽ።»

ካቴናው ቦታው ላይ ነበር። ከቆምኩበት ሆኜ ጥርሶቹን አንድ በአንድ አያለሁ። እሳቸው በጣታቸው ይነካካሉ፤ ቀና ብለው ወደ መጣንበት መንገድ ያያሉ፤ ደግሞ ይነካካሉ። ልክ እንዳልገባው ሰው የሹራቤን ቁልፍ ቆለፍኩ።

ከኩርባው ቀጭን ሴትዮ ብቅ አሉ። ዕንቁላል የሞላ ቅርጫት በገለባ ሸፍነው አዝለዋል። እትዬ የውብዳር ይባላሉ፤ ከአባቴ ጋር እኩያ ናቸው፤ ከተማ ወጥተው ዕንቁላል ይሸጣሉ።

«መምህር! ዛሬም ወለቀ?» አሉ ከሩቅ።

«ዛሬም ወለቀ፣ እትዬ የውብዳር።»

«ይኸ ካቴና ሜዳ ላይ ጨዋ ነው፤ ዳገት ሲያይ ይበረግጋል!» ቅርጫታቸውን ሳይጠየቁ የኋላው መጫኛ ላይ አስቀመጡና ነጠላቸውን አጣፉ። «ይችኛዋ ማነች?»

«ልጄ ነች፤ ከባሕር ዳር። ተምራለች፣ መሣሪያ ትጠግናለች።»

እትዬ የውብዳር እጄን ያዙና ሳሙኝ፤ ወደ ጆሮዬም ጠጋ አሉ። «እንግዲያማ አደራሽን፣ ያን ካቴና እንዳትጠግኚው። ማን ዕንቁላሌን ይሸከምልኛል?»

አባቴ መሪውን ይዘው እየገፉ፣ እትዬ የውብዳር ስለ ሰበሩት ዕንቁላልና ስለ ምራታቸው እያወሩ፣ እኔ ከኋላ፣ ቀስ እያልን ወጣን። የአባቴን ትንፋሽ አዳመጥኩ። የተረጋጋ ነበር። ዳገቱ አናት ላይ እትዬ የውብዳር ቅርጫታቸውን ተቀብለው በገበያው በኩል ታጠፉ። እኛ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቆምን።

«ካቴናው አልወለቀም» አልኩ፣ አቀርቅሬ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

«አልወለቀም።»

«ያምዎታል?»

«አያመኝም። ሐኪሙ ብስክሌት ጥሩ ነው ማለቱ እውነት ነው። ግማሹን ነው ያልነገርኳችሁ። ‹ሜዳውን ይንዱ፤ ዳገት ሲሆን ግን ወርደው በእግርዎ ይግፉ› ነው ያለኝ።»

«ታዲያ ትክክል ነው የሚያደርጉት!»

«ትክክልማ ነው።» መሪውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «ግን እዚህ ዳገት ላይ ነው ተማሪ ሳስሮጥ የኖርኩት። ‹ዳገት ላይ መራመድ የለም!› እያልኩ። ዛሬ ባጃጅ የሚነዳው፣ ሱቅ የከፈተው፣ ቢሮ የሚገባው ሁሉ ይህችን ቃሌን አይረሳም። ብቻዬን ብስክሌት ስገፋ ቢያዩኝ ‹መምህር አለቀላቸው› ይላሉ። ከሰው ጋር ሲሆን ግን አክብሮት ነው፤ ማንም አይጠይቅም።»

«ሰው ባይመጣስ?»

«እስኪመጣ ካቴናውን እነካካለሁ።»

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። «ለደሳለኝ ልንገረው?»

አሰቡና፣ «ሐኪሙ ያለውን ንገሪው። ካቴናውን ተዪው» አሉ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ደሳለኝ ጋ ደወልኩ። «እሺ፣ መሣሪያው ዋሽቷል?» አለ።

«ሁለት ጊዜ ዋሽቷል፤ ሁለቱንም አስተካክያለሁ። ዳገቱ ላይ ያለው ግን ውሸት አይደለም። ሐኪሙ ዳገት ላይ ወርደው እንዲገፉ ነግሯቸዋል። ዜሮ የሚለው ሲታዘዙ ነው።»

«አንቺ በዓይንሽ አየሽ?»

«አብሬ ወጣሁ። ትንፋሻቸውን ሰማሁ።»

ደሳለኝ ሲናደድ ይጮሃል፤ ሲፈራ ግን ድምፁ ይወርዳል። «ማክሰኞ መጥቼ ሐኪሙ ጋ አብሬ እገባለሁ» አለ። «ሌላ ያልነገሩን ግማሽ ካለ እሰማለሁ። ብስክሌቱ... ይቆይ።» ማክሰኞ ገብቶ ነበር፤ ሐኪሙም ያንኑ ነግሮታል።

እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ባሕር ዳር ቤቴ ገባሁ። ቦርሳዬን ስፈታ ሁለቱን ካልሲዎች ከሜትሩ ጋር ተጠቅልለው አገኘኋቸው፤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። አሁንም ጠዋት ጠዋት መስመሩን አያለሁ። ነገር ግን ሴንሰሩ የሚነግረኝ ጎማው መዞሩን ነው፤ ከጎን ማን እንደሚሄድ አይነግረኝም። እሱን ለማወቅ እደውላለሁ። «ዛሬ ከማን ጋር ወጡ?» እላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ከመደወሌ በፊት ጥያቄውን ለብቻዬ እለማመደው ነበር።

ማስታወሻዬን የማቆመው ግን ከቤቴ ሳይሆን ከዚያው ቅዳሜ ማለዳ ላይ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ

አባቴ እንደ ልማዳቸው ወጥተው ነበር። ሲመለሱ መናኸሪያ ሊሸኙኝ ተነጋግረናል። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ቦርሳዬን አንግቤ ባጃጅ አስቆምኩ።

«መናኸሪያ?» አለ ሹፌሩ።

«አይ፤ በገሳይ መንገድ፣ ከዳገቱ ሥር።»

«ሻንጣ ይዘሽ? እዚያ እኮ ሚኒባስ አይቆምም፣ እህቴ።»

«አውቃለሁ።»

አወረደኝና ትከሻውን ነቅንቆ ቁልቁል ሄደ። ቦርሳዬን እግሬ ሥር አድርጌ ቆምኩ። የገበያ ቀን ነውና ሰው በጎኔ ያልፋል፤ አህያ ያልፋል። «ማንን ነው የምትጠብቂው?» ይሉኛል። «ሰው» እላለሁ።

አባቴ ከኩርባው ብቅ አሉ። ሲያዩኝ ፍሬን ያዙ። እጃቸው ለአንድ አፍታ ወደ ካቴናው ሄደች፤ ሳትደርስ ቆመችና ተመለሰች።

«እንዴት አደርሽ?» አሉ፣ እንደማያውቁኝ ሁሉ በወግ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ወደ ከተማ ነው የምወጣው። ቦርሳዬ ከብዶኝ ነው።»

«ታዲያ በእግሩ የሚሄድ ሰው እያየሁ ልልፍ ነው?» ወረዱ። ቦርሳዬን መጫኛው ላይ አሰሩ፤ መሪውን በግራ በቀኝ ያዝነውና መውጣት ጀመርን።

ግማሹን እንደወጣን ያመጣኝ ባጃጅ ገበያተኛ ጭኖ ከኋላችን ደረሰ። ሹፌሩ አንገቱን አወጣ።

«መምህር! ዳገት ላይ መራመድ የለም!»

አባቴ ደረታቸውን ነፉ። «ልጄን እየሸኘሁ ነው!» አሉ ጮክ ብለው።

ባጃጁ ጡሩምባውን ነፍቶ አለፈን። እኛም እርምጃችንን አልቀየርንም። በኪሳቸው ያለው ስልክ ፔዳሉን ዜሮ፣ ጎማውን ደግሞ በሁለታችን እርምጃ ልክ እየቆጠረ ነበር።